ለኬዛያ ብቻ የተፈቀደ መስኮት

ኬዛያ ሱትክሊፍ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ቤቷ የገባችው ቁልቁል እየወረደች ነው። ቶርንሾ ከተማ ውስጥ፣ ከሱፍ ፋብሪካው ግድግዳ ሥር፣ ከመንገዱ በታች ባለች ምድር ቤት ተወለደች፤ እናቷ እዚያው ሞተችባት፤ አሁንም እዚያው የአባቷን ሳል እያዳመጠች ታድራለች። ያለቻቸው አንዲት መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነች ከአላፊ አግዳሚው የሚታያቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ነው። አባቷ ኤዝራ ደረቱ ከመበላሸቱ በፊት ሱፍ አበጣሪ ነበር። ደህና በዋለበት ቀን ትራሱን ተደግፎ፣ «ይሄ የሰባኪው ጫማ ነው፤ ይቺ ደግሞ አዲስ ጫማ ገዝታ ሰው እንዲያይላት የምትመላለስ ናት» እያለ ያስቃታል።

ለዚህ ነው ያን እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ወዳጇ ሩበን ባርትል እጇን ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለው ሜዳ ሲወስዳትና ሣሩ ላይ በችካልና በሲባጎ የተከፋፈለውን መሬት እያሳየ «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» ሲላት እግሯ አልታዘዝ ያላት።

«በየት በኩል ልግባ?» አለች እየሳቀች።

«በሩ እዚህ ጋ ነው። ኧረ በግድግዳው አትለፊ! ገና ሳይደርቅ ታፈርሺብኛለሽ።»

ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሲባጎውን ተሻገረች።

«ይሄ ሳሎኑ ነው» አላት። «ጠበበሽ?»

«ሰፋብኝ እንጂ! እዚህ ውስጥ ከአባዬ ጋር ለመነጋገር መጮህ ሊኖርብኝ ነው።»

«ይሄ ደግሞ የጓሮ በር። ከኋላው የራስሽ ጓሮ፣ ልብስ የምታሰጪበት። ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያይ መስኮት ይኖረዋል። የአባትሽን አልጋ እሱ ሥር እናደርግለታለን። ነፋሱ በፊት ለፊት ገብቶ በኋላ በኩል ይወጣል።»

ኬዛያ በሌለው መስኮት ተደግፋ ቁልቁል ሸለቆውን አየች። ፋብሪካዎቹ እሑድ ስለሆነ ጭስ አይተፉም፤ ወንዙ እንኳ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ከዚያም ዞር ብላ፣ «ሌሎቹም ቤቶች እንደዚሁ ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

 የሩበን ዓይን ከዓይኗ ሸሸና ታች ከተማው ላይ፣ የወላጆቹ ትልቅ ቤት ያለበት አቅጣጫ ላይ ተተከለ። «ያንቺን ነው እኮ የማሳይሽ» አለ።

እናቱን እያሰበ መሰላት። ሚስስ ባርትል ልጇ ከምድር ቤት ሴት መያዙን ከሰማች ወዲህ ቤቱ ሰላም እንደሌለው ታውቃለች። አሳዘናት፤ እጁን ጨበጥ አደረገችው። በዚያች ቅጽበት ከእርሷ የበለጠ ዕድለኛ ሴት በቶርንሾ ያለች አልመሰላትም።

*

የሩበን አባት ጆሽዋ ባርትል የከተማችንን ግማሽ የገነባ ሰው ነው። ከድንጋይ ጠራቢነት ተነሥቶ የምክር ቤት አባል እስከመሆን ደርሷል። ሩበን ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማዘዝ ይልቅ ከግንበኞቹ ጋር ድንጋይ ሲያነሣ መዋል ይወዳል። ከኬዛያ ጋር የተገናኙት በረዶው ቀልጦ ወንዙ በሞላ ጊዜ ነበር። ምድር ቤቶቹን ውሃ ሲያጥለቀልቃቸው ግድግዳው እንዳይናድ ሊያይ ተላከ፤ እስከ ጉልበቱ ጠልቆ ኤዝራን በጀርባው አዝሎ አወጣው። መንገድ ላይ ሲያስቀምጠው በቁጣ፣ «ይህን የመሰለ ቤት የሠራ ሰው መታሰር ነበረበት!» አለ።

«አባትህ ናቸው የሠሩት» አለችው ኬዛያ።

እንደዚያ የቀላ የወንድ ፊት አይታ አታውቅም። ያን ቀን ነው ከጀርባው አየር የማይገባበት ቤት እጁ እንደማይሠራ የማለላት። ልቧን የሰጠችውም ስለዚያ መሐላ ነበር።

ከዚያ የኮረብታው እሑድ በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ኬዛያ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽኗን ይዛ ቆማለች። እዚያ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሴቶቹ የሚነጋገሩት በከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ፊቢ፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት፣ ከጎኗ ካለው ማሽን ሆና በደስታ ተፍለቀለቀች።

«ቤት ላገኝ ነው!» አለቻት ከንፈሯ። «ኮረብታው ላይ! ጎረቤትሽ ልሆን ነው!»

«እውነት? ጓሮ ይኖርሻላ!»

«የምን ጓሮ! ጀርባው ከሌላው ሰው ቤት ጀርባ ጋር የተጣበቀ ነው። አንድ በር፣ በአንድ በኩል መስኮት። ሁሉም እንደዚያ ነው፣ ከጥጉ ቤት በቀር። ምን ቸገረኝ? ከመሬት በላይ ነው!»

ኬዛያ ከንፈሯን በደንብ ያላነበበች መስሏት ድገሚልኝ አለቻት። ፊቢ ደገመችላት። ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ሲንገጫገጭ እንኳ ኬዛያ አላየችም፤ ሩበን ያሳያት የጥጉን ቤት ነበር።

*

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስስ ባርትል ሻይ ጠራቻት። የመጀመሪያዋ ነው። ፊቢ የሠርጓን ጓንት አዋሰቻት፤ ጠበባት እንጂ። ሩበን ከሥራ ገና አልተመለሰም፤ ሁለቱ ሴቶች በተወለወለ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ጓንቱን አውልቂው፤ ጠቦሻል» አለች ሚስስ ባርትል።

ኬዛያ አወለቀች። የሱፍ ቅባት የገባበት፣ ክር የቆራረጠው ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ተጋለጠ። ሴትዮዋ እጁን ለረጅም ጊዜ አየችው። ኬዛያ የተናቀች መስሏት አንገቷን ደፋች። ሚስስ ባርትል ግን ያየችው ለባሏ ኖራ ታቦካ በነበረበት ዘመን የነበራትን የራሷን እጅ ነው፤ ይህን ኬዛያ በምን ታውቃለች?

«ልጄ ስለ አንቺ ብሎ ያደረገውን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እመቤቴ።»

«ጀርባ የሌለው ቤት አልሠራም ብሎ ካባቱ ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ከረሙ። አሁን ምክር ቤቱ እንደዚያ ያለውን ቤት የሚከለክል ሕግ ሊያወጣ ነው። አባቱ ሕጉ ሳይወጣ ፕላኑን ማስገባት ፈለጉ፤ ግን የግንባታ ኮሚቴው አባል ስለሆኑ በራሳቸው ስም አይችሉም። ስለዚህ ሩበን በስሙ ፈረመላቸው። በምላሹ የጥጉን ቤት ጠየቃቸው፤ ለአንቺና ለአባትሽ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጄ ለማንም ብሎ ቃሉን አጥፎ አያውቅም። ለአንቺ አጠፈ። ይሄን ያህል ከወደደሽ እኔ ምን እላለሁ?»

ኬዛያ ተነሣች። ሻዩ አልተነካም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ወጣች። ግቢው በር ላይ ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እየሮጠ ከሚመጣው ሩበን ጋር ተፋጠጡ።

«ወዴት ነው? ሻዩ ሳልመጣ አለቀ እንዴ?»

«ሚስተር ባርትል፣ መንገዱን ይልቀቁልኝ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «አንቱ አልሽኝ? ኬዛያ! እናቴ ምን ብላሽ ነው?»

«እናትዎማ እውነቱን ነገሩኝ። እርስዎ የደበቁኝን።»

ገባው። እጁን ሊዘረጋላት ብሎ መለሰው። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ገብቼ መጋረጃ ከሰቀልኩ በኋላ? የኔ ጎረቤት ማን እንደምትሆን ታውቃለህ? ፊቢ ናት! ልጆቿ ከግድግዳዬ ወዲያ ታፍነው ሲያስሉ እየሰማሁ፣ እኔ በመስኮቴ ጀንበር ስትጠልቅ ልይ? የሰዉን ሁሉ አየር ወስደህ ለእኔ አንድ መስኮት ሠራህልኝ!»

ሩበንም ቁጣው ገነፈለ። «አባትሽ ሌላ የብርድ ወቅት አይችልም! ሐኪሙ ያለውን አብረን አይደል የሰማነው? ቤቶቹ እኔ ብፈርምም ባልፈርምም ይሠራሉ ብዬ ነው። አባቴ ሌላ ስም አያጡም! ውሃ ከሚወስደው ሰው መሐል አንዱን ማውጣት ከቻልኩ አንዱን አወጣለሁ። ሁሉን ካላወጣሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቁም?»

 የአባቷ ደረት ሌሊት ሌሊት የሚያሰማው ድምፅ ትዝ አላትና ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

«ሲባጎው ውስጥ ቆሜ የሌሎቹን ቤት ስጠይቅህ ወዴት ነበር የምታየው?» አለችው ቀስ ብላ።

ሩበን አንገቱን አቀረቀረ።

«እኔ እኮ እናትህን ፈርተህ መስሎኝ አዝኜልህ ነበር» አለችና አልፋው ሄደች። ቁልቁለቱን ስትወርድ እንዲጠራት ፈለገች፤ ቢጠራት ደግሞ እንደማትዞር ታውቅ ነበር። ሁለቱም በአንድ ላይ ልቧን አቃጠሉት።

*

«ካዘዝከኝ እንገባለን፣ አባዬ» አለችው ኤዝራን፣ ሁሉን ከነገረችው በኋላ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሩን ታሻለች። «አንድ ቃል ብቻ በለኝ። ነገውኑ ሄጄ እሺ እለዋለሁ።»

ኤዝራ ዓይኑን ወደ መስኮቷ አዞረ። የአንድ ሕፃን ባዶ እግር አለፈ።

«እናትሽ ልትሞት ስትል መስኮቱን ክፈትልኝ አለችኝ» አለ። «ከፈትኩላት። የገባው የመንገዱ ጭቃ ሽታ ነበር። እሱኑ ስባ ሄደች።» ሳል አቋረጠው፤ ጠበቀችው። «እና አዎ፣ ያን መስኮት እፈልገዋለሁ። አልፈልግም ብልሽ ውሸት ነው። ግን አላዝሽም።»

«ለምን?»

«አዝዤሽ ከገባሽ ጥፋቱ የኔ ይሆንና አንቺ ያረፍሽ ይመስልሻል። አታርፊም። አውቅሻለሁ፤ የናትሽ ልጅ ነሽ።» እጇን ፈልጎ ያዘ። «ያን ልጅ ግን ክፉ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ከውሃ ሲያወጣኝ ደረቴ ጀርባው ላይ ነበር። ልቡ ሲመታ ሰምቼዋለሁ። ፈርቶ ነበር፤ ቢሆንም አልጣለኝም።»

ኬዛያ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሩበንን እንዳትወደው የሚያደርጋት ነገር ፈልጋ ነበር የተቀመጠችው፤ አባቷ እሱንም ከእጇ ወሰደባት።

*

የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀን የአዳራሹ ሰገነት በሰው ጢም አለ። ቤት ተስፋ የተደረገላቸው ሁሉ መጥተዋል፤ ፊቢ ልጆቿን አጠገቧ አስቀምጣ ከፊት ተቀምጣለች። ኬዛያ አልመጣም ብላ ነበር፤ እግሯ አመጣትና ከፊቢ ኋላ ቆመች። ታች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጆሽዋ ባርትል ሰፊ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። ሩበን ለብቻው ቆሟል፤ የከሳ መሰላት።

ሰብሳቢው፣ «የኮረብታው ረድፍ ቤቶች ፕላን በሚስተር ሩበን ባርትል ስም ቀርቧል» አሉ። «ተቃውሞ ከሌለ እናጽድቀው።»

«ተቃውሞ አለኝ» አለ ሩበን።

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢውም ፈገግ ብለው፣ «በራስዎ ፕላን ላይ?» አሉት።

«ስሜን ከፕላኑ ላይ አንሥቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። «ምክንያት?» አሉ ሰብሳቢው።

ሩበን አባቱን አየ። ሁሉን መናገር ይችል ነበር፤ በማን ትእዛዝ እንደፈረመ፣ ለምን በእሱ ስም እንደሆነ። አንድ ዓረፍተ ነገር አባቱን ከዚያ ወንበር ያስነሣው ነበር። ጆሽዋ ባርትልም ይህን ስላወቀ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ።

«እኔ የማልኖርበትን ቤት ሰው ኑርበት ማለት ስላቃተኝ ነው» አለ ሩበን። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

«ቁጭ በል!» አለ አባቱ በታፈነ ድምፅ።

«አልቀመጥም፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አዳራሹ በጫጫታ ተናወጠ። በዚያ ሁሉ መሐል ሩበን ቀና ብሎ ሰገነቱን በዓይኑ ፈለገ። አገኛት። በፍቅራቸው መጀመሪያ ሰሞን እያሾፈች ያስተማረችውን የፋብሪካ ቋንቋ ነበር የተናገረው፤ ያለ ድምፅ፣ ገና በደንብ ባልለመደ ከንፈር፦ «ይቅር በዪኝ።»

ኬዛያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሮጣ ወርዳ በሰው ሁሉ ፊት ልታቅፈው ከጀላት። ግን ክንዷን አንድ እጅ ጨምድዶ ያዛት። ፊቢ ናት፤ እሷም ከንፈሩን አንብባዋለች።

«ይቅርታ የሚጠይቀው አንቺን ነው?» አለች። «ቤቱ የኔ ነበር እኮ! እናንተ ተዋደዱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፤ ልጆቼ ግን ዛሬም ምድር ቤት ሊያድሩ ነው። ደስ ይበላችሁ!»

የኬዛያ ደስታ በአንዴ እሬት ሆነባት።

*

ሕጉ ወጣ። ጆሽዋ ባርትል ልጁን ከቤት አባረረ። ሩበን መሣሪያውን በከረጢት ይዞ ወጣና እንደ ማንኛውም የቀን ሠራተኛ በየሰው ግንባታ ላይ ይቀጠር ጀመር። ፊቢ ደግሞ ማሽኗ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሠራለች፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ከዚህ የከፋ ኩርፊያ የለም። ብርዱ ሲጀምር ኤዝራ ጫማ እያየ መቀለዱን ተወ።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ሩበን የምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ልብሱ በኖራ ነጥቷል። ከስብሰባው ወዲህ አፍ ለአፍ ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ልገባ ነበር፤ ፈራሁ» አለ። «አባትሽ እንዴት ዋለ?»

«ከትናንት አይሻልም።»

«በዚያ ስብሰባ ላይ ያ መስኮት ከእጁ ሲወጣ ታየኝ። እኔ ነኝ የነጠቅኩት። ሌሊት ሌሊት እሱን እያየሁ እነቃለሁ። ልክ አደረግሁ ትያለሽ?»

ኬዛያ ከጎኑ ተቀመጠች። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ትከሻቸው ተነካካ። «አላውቅም» አለችው። «ፊቢን ሳይ አጠፋህ እላለሁ። አባዬ ሲያስል አጠፋህ እላለሁ። ያን ቀን ቆመህ የተናገርከውን ሳስብ ግን... እግዜር ያውቃል፣ ሩበን፣ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።»

«አሁን ምንም የለኝም። ቤት የለኝ፣ አባት የለኝ። ይህን እጅ ብቻ ይዤ አግቢኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ?»

እጁን ገልብጣ አየችው። መዶሻ የቀጠቀጠው ጥፍሩ ጠቁሯል።

«ቤት አይደለም የጠየቅሁህ» አለች። «አንድም ቀን ቤት ስጠኝ ብዬህ አላውቅም። እውነቱን እንድትነግረኝ ነበር የፈለግሁት። ደብቀኸኝ ልታስደስተኝ አትሞክር። አስለቅሰኝ ካስፈለገ፣ ግን አትደብቀኝ።»

«እሺ» አለ። «እንግዲያው እውነቱ ይሄ ነው፤ ያላንቺ አልችልም።»

ከውስጥ የኤዝራ ድምፅ መጣ፤ «እናንተ ልጆች! በሩን ከፍታችሁ ብርድ ከምታስገቡብኝ እሺ በዪውና ገብታችሁ ዝጉልኝ!» ሁለቱም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ያቺ ጨለማ ደረጃ እንደዚያን ቀን ሞቃ አታውቅም።

*

ጆሽዋ ባርትል ግን መሬቱን ባዶ የሚተው ሰው አልነበረም። በአዲሱ ሕግ መሠረት ረድፉን ሠራው፤ ቤቶቹ ቁጥራቸው አነሰ፣ እያንዳንዳቸው ግን በፊት ለፊትም በኋላ በኩልም በር፣ የየራሳቸው ጓሮና መጸዳጃ ያላቸው ሆኑ። የግንበኞቹ አለቃ ሰው ቸግሮት ሩበንን በቀን ሥራ ቀጠረው። አባቱ በየጠዋቱ መጥቶ ሥራውን ሲያይ በልጁ አጠገብ እንደ ማያውቀው ሰው ያልፋል።

ኪራዩ ግን ተወደደ። በምድር ቤት ለሚኖር ሰው የሚቀመስ አልሆነም። ይህን ጊዜ ነው ኬዛያ በምሳ ዕረፍት ፊቢ ፊት ሄዳ የቆመችው።

«ስድብ ካለሽ ስደቢኝ፤ ከዚያ ግን ስሚኝ» አለቻት። «አንድ ቤት ለሁለት እንከራይ። አንቺ ከልጆችሽ ጋር የፊቱን መኝታ ቤት ያዢ። አባዬ የጓሮውን፤ እኔና ሩበን ጣሪያው ሥር እንተኛለን።»

ፊቢ ዳቦዋን እያላመጠች ቆየች። «አንድ ማድ ቤት፣ ሁለት ሴት? ወይ ትገድይኛለሽ ወይ እገድልሻለሁ።»

«ልጆችሽ የሚሮጡበት ጓሮ ይኖራቸዋል።»

የፊቢ አፍ ማላመጡን ተወ። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። «ሰኞ ሰኞ ማጠቢያው የኔ ነው» አለች። «እሱን ካሁኑ ተስማሚ።»

ኬዛያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ከርማ የተሸከመችው ነገር ያን ቀን ከትከሻዋ ወረደ።

*

ረድፉ ተሠርቶ ያለቀ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት በጸሎት ቤቱ ተጋቡ። ከባርትል ቤት ማንም አልመጣም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሩበን ዞር ሲል ኬዛያ አየችው፤ ልቧ ተሰበረለት።

ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን በተከራዩት ጋሪ ጭነው ወጡ። የፊቢ ልጆች በፊቱ በር ገብተው በጓሮው ሲወጡ፣ ዞረው እንደገና በፊቱ ሲገቡ፣ ቤቱን በጩኸት ሞሉት። ሩበን ኤዝራን አቅፎ ፎቅ አወጣው። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ራቅ ካለው ኮረብታ የሚመጣው ነፋስ ፊቱን ሲነካው ዓይኑን ጨፈነ፤ ኬዛያ ትንፋሹን ቆማ አዳመጠች። አልዳነም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ተነፈሰ።

ታች በሩ ተንኳኳ። ሚስስ ባርትል ነበረች፤ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ የፍራፍሬ ኬክ ይዛ።

«ጸሎት ቤት ያልመጣሁት...» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቃታት።

«ይግቡ» አለቻት ኬዛያ። «ወንበር ግን የለም፤ ሳጥን ላይ ነው የምንቀመጠው።»

«እኔም የተሞሸርኩት ሳጥን ላይ ነው» አለች ሴትዮዋ። ገብታ ልጇን ስታይ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሹክ አለች፤ «አባትህ መምጣቴን አያውቁም ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ሲከተሉኝ መጥተው ጥጉ ላይ ቆመዋል።»

ሩበን ደረቀ። «እኔ ብወጣ ጥለው ይሄዳሉ» አለ። ሁሉም ኬዛያን አዩ።

ኬዛያ ወጣች። ጆሽዋ ባርትል ረጅም ኮፍያውን አድርጎ ረድፉ በሚያልቅበት ማዕዘን ቆሟል። ግድግዳውን የሚመረምር መስሎ ድንጋዩን በመዳፉ ይዳስሳል።

«ይሄን ማዕዘን ማን ነው የገነባው?» አለ ሳያያት።

«ልጅዎ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ቆጣ ብሎ።  «በዚያ ስብሰባ ላይ ሊያዋርደኝ ይችል ነበር። ለምን እንዳላዋረደኝ ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም። ግን ዛሬ ጠዋት ጸሎት ቤት ውስጥ በሩን በሩን ሲያይ ነበር። እርስዎን ነበር የሚጠብቀው።»

ሽማግሌው ግንበኛ ዞር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አያት።  ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤቱ ተራመዱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆመ። ውስጥ የልጆች ጩኸት፣ የፊቢ ቁጣ፣ የኤዝራ ሳቅ ይሰማል። ጆሽዋ ባርትል ኮፍያውን አወለቀ።

«ልግባ?» አለ።

የከተማችንን ግማሽ የገነባ ሰው ነው። ራሱ በሠራው ቤት ደጃፍ ቆሞ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን የመጀመሪያው ነበር። ኬዛያ «ይግቡ» ብላ ክንዱን ያዘችው፤ እጇ ሥር ያ ግዙፍ ሰው እንደ ልጅ እየተንቀጠቀጠ እንደሆነ ሲሰማት፣ እሱን ትፈራው ከነበረው ፍርሃት የቀረ አልነበረም።